ለክቡር ክብ ማኅተም፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የእህቴ ልጅ መወለዷን ስለ ማሳወቅ

ክቡርነትዎ ከመሳቢያ መውጣት ስለማይወዱ ደብዳቤዬ በቁልፉ ቀዳዳ ቢገባልዎ ደስ ይለኛል።

ሰኞ ዕለት የእህቴን ልጅ አንደኛ ክፍል ላስመዘግብ ሄድኩ። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቦርሳዋን አቅፋ ነው ያደረችው። መዝጋቢዋ ቀና ሳይሉ «የልደት ምስክር ወረቀት» አሉ።

ማክሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከእህቴ ጋር ወረዳው በር ላይ ነበርን። ሰልፉን አልተርክም፤ ያልቆመበት አንባቢ የለም። ተራችን ሲደርስ በመስኮቱ ውስጥ ያለው ወጣት የክትባት ካርድ ጠየቀ። እህቴ የወለደችው ገጠር፣ እቤቷ ነው፤ ካርድ የለም።

«ታዲያ መወለዷን በምን እናውቃለን?»

ልጅቷ ፊቱ ቆማለች! አፍንጫዋ የመስኮቱን ደፍ ነክቷል፤ መስታወቱ በትንፋሿ ጭጋግ ለብሷል። እኔ ቃል ሳጣ እሷ ቦርሳዋን አስቀምጣ ቀኝ እጇን በአናቷ ላይ አሻገረችና ግራ ጆሮዋን ያዘች። ጥፋቱ የእኔ ነው። በእኛ ጊዜ እጁ ጆሮው የደረሰ ትምህርት ቤት ይገባ ነበር፣ ያልደረሰ ለከርሞ ይመለሳል፤ ይህንኑ አጫውቻት ነበር። ወጣቱ ሳቀ። ሰልፉም ሳቀ። እሷ ግን ያላዩላት መስሏት ጆሮዋን ይበልጥ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ወጣቱ ራርቶ «ሦስት ምስክር አምጡ» አለን። ዕድሜ ለጎረቤት፣ ሦስቱም የዕለት ሥራቸውን ትተው መጡ፤ ቅጹ ተሞላ፣ ተፈረመ። የእርስዎ ስም የተነሣው ያኔ ነው። «ማኅተሙ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን የያዙት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው።» የምን ስብሰባ? የተማሪዎች ምዝገባ ንቅናቄ።

(አምና የቤት ኪራይ ውሌ ላይ በግማሽ ፊትዎ አርፈው «አይነበብም» ያስባሉኝን ትቼዋለሁ።)

ቀልዱ ይቆየን። ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ምዝገባው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር፣ በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ መቶ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ዘጠና ሰባቱ አልተወለዱም? መዝጋቢ ያልረገጠው መንደር የተወለደች ልጅ የመዝጋቢውን ዕዳ ስለምን ትከፍላለች? ትምህርት በነፃ ነው ትሉናላችሁ። እህቴ ሰው ቤት ልብስ አጥባ ነው የምታድረው፤ ሰልፍ ላይ የቀረውን የቀን ገቢዋን ማን ይመልስላታል? የትምህርት ቤቱ ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። ዓመት የሚያልፋት ልጅቷን ነው፤ እርስዎ እንደሆነ ቀለምዎ እንኳ አይደርቅም።

ሐሙስ እንመለሳለን። ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ ቀኝ ጆሮዋንም በግራ እጇ እየተለማመደች ነው።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች

ግልባጭ፦
ቁልፉን ለያዙት ኃላፊ፣ ስብሰባው ሲያልቅ