ክርክር፦ "ዊ. ዘ ሬቮሉሽን" ዳኝነትን ያሳየናል ወይስ ለዳኛው ሰበብ ይፈልግለታል?

ላልተጫወታችሁት ባጭሩ፦ ጌሙን የሰራው ፖሊስላሽ የሚባል የፖላንድ ስቱዲዮ ነው፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019። ቦታው ፓሪስ፣ ጊዜው የፈረንሳይ አብዮት፣ እናንተ ደሞ አሌክሲ ፊዴል የሚባል የአብዮታዊው ፍርድ ቤት ዳኛ ናችሁ፣ መጠጥና ቁማር የሚወድ። ተከሳሽ ይቀርባል፣ መዝገብ ታነባላችሁ፣ ትጠይቃላችሁ፣ ከዛ ምርጫው ሶስት ነው፦ ነፃ፣ እስር፣ ጊሎቲን (አንገት የሚቆርጠው ማሽን)። በእያንዳንዱ ፍርድ ተራው ህዝብ፣ አብዮተኞቹ ወይም መኳንንቱ ይደሰታሉ ወይ ይከፋሉ፣ አንዱ ጋ ከናካቴው ከተጠላችሁ ጌሙ አለቀ። ማታ ደሞ ቤት ሚስት፣ ልጆችና አባት አሉ፣ እነሱም ያኮርፋሉ። ናቲ ደጋፊ ነው፣ ቤዛ ተቃዋሚ፣ ናቲ ይጀምር።

ናቲ፦ እሺ በቀጥታ ልግባ። ጌም ውስጥ ሰው መግደል ምንም እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ተኩሰህ ታልፋለህ አለቀ። ይሄኛው ግን ሌላ ነገር ነው ያደረገኝ። መጀመሪያ አካባቢ መዝገቡን ቃል በቃል ነበር የማነበው፣ ማን ምን አየ፣ ምስክሩ ከተከሳሹ ጋ ቂም አለው ወይ፣ ምክንያቱ ምን ነበር፣ ምክንያቱም ፍንጮቹን ከየርዕሳቸው ጋ ስታገናኝ ነው ጥያቄ የሚከፈትልህ፣ ካበላሸህ ጥያቄው ያመልጥሃል፣ ስለዚ ቁጭ ብለህ ማሰብ ግድ ነው። ከዛ መቼ እንደሆነ እንጃ ማንበብ ተውኩ። መዝገቡ ሲከፈት አይኔ ቀጥታ የሚሄደው "ይሄን ሰውዬ ብለቀው ማን ይቀየመኛል" የሚለው ላይ ሆነ። የዳቦ ነገር ያለበት ክስ ከሆነ ህዝቡ ምን ይላል፣ ቄስ ከሆነ አብዮተኞቹ ምን ይላሉ፣ በቃ። ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለውን ጥያቄ እኔው ራሴ ከችሎት አስወጣሁት፣ ማንም አላዘዘኝም። የትኛው የታሪክ መፅሀፍ ነው እንደዚ አርጎ የሚያሳይህ? መፅሀፍ ስታነብ ሁሌም አንተ ጥሩው ሰው ነህ፣ እኔ ብሆን ኖሮ እምቢ እል ነበር ትላለህ። እዚህ አትልም፣ ብይኑ ላይ ጣትህ አለበት።

ሌላው ደሞ ምላጩን የምትለቀው አንተው ነህ። ፊልም አይደለም ዝም ብለህ አታይም፣ አደባባይ ላይ ለህዝቡ ንግግር ታደርጋለህ፣ ከዛ በራስህ እጅ ትለቀዋለህ። አንዳንዱ ይሄ ነውር ነው ይላል። እኔ ደሞ ነውርነቱ እንዲሰማህ ነው የተደረገው እላለሁ።

ቤዛ፦ ናቲዬ አነጋገርህ ደስ ይላል፣ ግን ያልከውን ልብ ብለህ ስማው እስቲ። "ማን ይቀየመኛል የሚለውን አየሁ" አልክ። አየሁ! ቁጥር ተፅፎልህ፣ ቀለም ተቀብቶልህ፣ ከመፍረድህ በፊት ማን ምን እንደሚፈልግ ተነግሮህ። የዛን ዘመን ዳኛ ማን ነበር እንደዚ የሚነግረው? እነዛ ሰዎች የፈሩት ነገር እኮ መልክ አልነበረውም፣ ዛሬ ጀግና የተባለው በሶስት ወሩ ከሀዲ ነው፣ ነገ የሚከስህ ማን እንደሆነ አታውቅም። እዚህ ጌም ውስጥ ፍርሃት ዋጋው ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ ሂሳብ ነው የምትሰራው። ሂሳብ ደሞ አያስፈራም፣ ያዝናናል። አንተም የተዝናናኸው ለዛ ነው፣ ሀሰት ነው?

እሺ እሱ ይለፍ። የእኔ ዋና ነገር መዝገቡ ነው። ህግ ተምሬያለሁ እና ትንሽ ታገሰኝ። ጌሙ ውስጥ አንድ ተከሳሽ አንድ መዝገብ አለው፣ ስሙ፣ ታሪኩ፣ የመናገር እድል፣ ሶስት ዓይነት ፍርድ። ይሄን ያህል ክብር! እውነተኛው ፍርድ ቤት መጋቢት 1793 ሲቋቋም (የፈረንሳዩ ቀኖች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይግባኝ የለውም፣ የተፈረደበት ሰው ንብረቱ ለሪፐብሊኩ ነው፣ ቢሆንም ቢያንስ ጠበቃ ነበረ። ሰኔ 10 ቀን 1794 የወጣው የፕሬሪያል 22 ህግ (ስሙ በአብዮቱ የራሱ ቀን አቆጣጠር ነው) ግን እሱንም አነሳው። ጠበቃ የለም፣ በቂ ማስረጃ አለ ከተባለ ምስክርም መስማት አያስፈልግም፣ ፍርዱ ወይ ነፃ ወይ ሞት። ያንተ መሀለኛ ምርጫ፣ ያቺ "እስር" የምትባለው ማምለጫህ፣ የለችም። ከዛ ቀን ጀምሮ የአብዮቱ መሪ ሮብስፒየር እስከወደቀበት ሐምሌ 27 ድረስ ባሉት ሰባት ሳምንታት ፓሪስ ውስጥ ከ1300 በላይ ሰው ነው የተሰየፈው፣ ፍርድ ቤቱ ከዛ በፊት በ15 ወር በሞት ከቀጣቸው ይበልጣል። እና እንዴት እንደዛ ፈጠነ ብለህ ጠይቀኝ። በጅምላ ነዋ! ሰኔ 17 ቀን 54 ሰው በአንድ ክስ ተፈርዶባቸው ቀይ ሸሚዝ እያለበሱ ነው የወሰዷቸው፣ ቀይ ሸሚዝ አባቱን የገደለ ሰው የሚለብሰው ነበር። ሮብስፒየርን ልትገድል መጣች ከተባለች አንዲት ልጅ ጋር ተጠርንፈው ነው፣ ብዙዎቹ እርስ በርስ እንኳ አይተዋወቁም። ለ54ቱ ስንት ጥያቄ ይከፈትልሃል? ፍንጭ ከምን ጋ ታገናኛለህ?

ናቲ፦ ቆይ ቆይ፣ አንቺ የመጨረሻዎቹን ሰባት ሳምንታት ይዘሽ ሁሉንም በሱ ለካሽው። ከዛ በፊት እኮ ከአንድ አመት በላይ ክርክር ያለበት ችሎት ነበር። አብዮተኛውን ጋዜጠኛ ማራን እንውሰድ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1793 እዛው ፍርድ ቤት ቀርቦ ነፃ ነው የተለቀቀው፣ ህዝቡ አክሊል ደፍቶለት በትከሻ ተሸክሞት ነው የወጣው። ለምን ነፃ ወጣ? አዳራሹን የሞላው የሱ ሰው ስለነበር ነው፣ ዳኞቹም ያውቃሉ፣ ደሞ ፍርድ ሰጪዎቹ (ከዳኞቹ ሌላ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት፣ ጁሪ የሚባሉት) ድምፃቸውን የሚሰጡት በአደባባይ ጮክ ብለው ነው፣ ህዝቡ እየሰማ። አንድ አመት ቆየት ብሎ ሌላው የአብዮቱ መሪ ዳንቶን መጣ፣ ይሄ ፍርድ ቤት ይቋቋም ብሎ ሀሳብ ካቀረቡት አንዱ ራሱ ነው፣ ድምፁ ከግድግዳው ያልፋል ይባልለት ነበር፣ ህዝቡ እየሰማው መሳብ ሲጀምር ኮንቬንሽኑ (የሪፐብሊኩ ምክር ቤት) ተሯሩጦ ችሎት የሚሳደብ ተከሳሽ ከክርክሩ ይውጣ የሚል ውሳኔ አወጣ፣ ሚያዝያ 5 ተገደለ። እና ንገሪኝ፣ ህዝቡ የሚፈራበት፣ ከላይ ያሉትም የሚፈሩበት፣ ዳኛው በሁለቱ መሀል የቆመበት ችሎት አይደለም ይሄ? ጌሙ ያንን ነው የሰራው። ቁጥሩ ምልክት ነው በቃ፣ ፍርሃትን ስክሪን ላይ በሌላ በምን ታሳየዋለሽ?

መዝገቡንም በተመለከተ፣ የንግስቲቱ የማሪ አንቷኔት ጠበቃ ሾቮ ላጋርድ ከፓሪስ ውጪ ሆኖ ነው ጠበቃዋ ነህ የሚል መልእክት የደረሰው፣ ችሎቱ ደሞ በነጋታው ጠዋት ነበር። የሚያነበው ወረቀት ክምር ነው፣ ሶስት ቀን ስጡን ተብሎ ተጠየቀ፣ ማንም አልሰማም። ጥቅምት 16 ቀን 1793 ንጋት ላይ ተፈረደባት፣ በዛው ቀን እኩለ ቀን አካባቢ ሞተች። ጌሙ ላይ መዝገቡ ሁሌ የሆነ ነገር የጎደለው ነው፣ ታነባለሽ ታነባለሽ እርግጠኛ አትሆኚም። ይሄ የጌም ዲዛይን ስህተት ነው የሚሉ አሉ። ስህተት አይደለም እላለሁ እኔ።

ቤዛ፦ ስለ ሾቮ ላጋርድ ያልከው ትክክል ነው፣ ለንግስቲቱ ብቻ አይደለም ማራን ለገደለችው ለሻርሎት ኮርዴም የቆመላት እሱ ነው። ግን ልብ በል፣ ጠበቃው ነው ያነሳኸው። ጌሙ ውስጥ እሱ የታል? የለም። መዝገቡን የምታነበው አንተ፣ የምትጠይቀው አንተ፣ የፍርድ ሰጪዎቹን ልብ ወዲህ ወዲያ የምትወስደው አንተ፣ ፍርዱ ያንተ፣ ምላጩም ያንተ። ዳኛ፣ ዐቃቤ ህግ፣ ጠበቃና ሰያፊ በአንድ ሰው! ከዛ "አቤት ጫናው" ትለኛለህ። ጫና ሳይሆን ስልጣን ነው የተሰጠህ ናቲ፣ ማንም ሰው በዛ ዘመን ያልነበረው ስልጣን።

እና አሁን ወደምፈራው ነገር ልምጣ። ፉኪዬ ታንቪል የሚባል ሰው አለ፣ የዛ ፍርድ ቤት ዐቃቤ ህግ፣ እነዛን ሁሉ ክሶች የፈረመ። ሮብስፒየር ከወደቀ በኋላ እሱም ተያዘ። ክርክሩ ምን ነበር መሰለህ? እኔ ትእዛዝ ፈፃሚ ነኝ፣ ህጉን ያወጣው ኮንቬንሽኑ ነው፣ የሚያዘኝ መንግስቱን የሚመራው ኮሚቴ ነው፣ እምቢ ብል እኔም እሞት ነበር። አሁን ጌሙን ተጫውቶ የጨረሰ ሰው ጋ ሂድና ለምንድነው ያን ምስኪን የገደልከው በለው። "ምን ላድርግ ቁጥሬ ቀንሶ ነበር፣ እኔ እሞት ነበር" ነው የሚልህ። ቃል በቃል የፉኪዬ መከላከያ! ጌሙ ሰውን ዳኛ አላደረገም፣ የዳኛ ሰበብ እንዲሸመድድ ነው ያደረገው፣ ደሞ እውነት ነው ብሎ አምኖ። እምቢ ካልክ ትሸነፋለህ፣ ከመጀመሪያው ጀምር ይልሃል። እምቢ ማለትን እንደ ስህተት የሚቆጥር ነገር እንዴት አርጎ ነው ስለ ህሊና የሚያስተምረኝ?

ናቲ፦ ኧረ ቤዚ! እምቢ ማለት እውነቱን ለመናገር ያስገድል ነበር እኮ፣ ጌሙ ይሄን ስላልዋሸ ነው የምትከሺው? እምቢ ብለሽ የምትሸለሚበት ጌም ቢሰሩ ኖሮ ያኔ ነበር ውሸት የሚሆነው።

ቤዛ፦ ሁሉም ሰው እምቢ ብሎ አልሞተም። በዛ በቀይ ሸሚዙ ሰሞን እንኳ ነፃ የሚወጣ ነበር፣ በየቀኑ ባይሆንም ነበር። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ "ይሄኛው አይደለም" ብሏል ማለት ነው፣ ያውም ጮክ ብሎ፣ አንተው እንዳልከው ህዝብ እየሰማ። ስማቸውን ማንም አያነሳም። ጌም ሰሪ ብሆን እኔ እነሱን ነበር የማየው።

ናቲ፦ ጥሩ፣ እንግዲህ ሁላችንም በልባችን ያለውን ላንሳው። የኛ ሰው ይሄን ጌም ሲጫወት ስለ ፈረንሳይ ብቻ አይደለም የሚያስበው። ቤቴ ውስጥ አባቴ ጀርባዬ ላይ ቆሞ ትንሽ አየና "ይሄማ የኛ ነው" ብሎ ወጣ፣ ሌላ ምንም አላለም። ስለ ቀይ ሽብር በቤታችን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም፣ እና አንድ የፖላንድ ጌም ይሄን ያህል ካስወራ እኔ አልንቀውም።

ቤዛ፦ አባትህን አከብራለሁ፣ ግን እዚህ ጋ ነው ልዩነቱ የሚበልጠው። ስልሳዎቹ ህዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲረሸኑ የትኛው ችሎት ነበር? ማን መዝገብ ከፈተ? ማታ ተወሰነ፣ በዛው ሌሊት አለቀ፣ እኛ የሰማነው በሬዲዮ ነው። "ነፃ እርምጃ" የተባለው ጊዜ ደሞ ቀበሌ ላይ ነው ያለቀው፣ መንገድ ላይ። ጊሎቲኑ፣ አዳራሹ፣ መሀል ዳኛው፣ ንግግሩ፣ እነዚህ ሁሉ አልነበሩም። ስለዚ አንድ የኛ ልጅ ይሄን ተጫውቶ "አብዮት እንደዚ ነው" ብሎ ካሰበ፣ የሆነ ቦታ የሚከራከሩለት መዝገብ እንደነበረ አድርጎ ነው የሚያስበው። ያሳመመኝ እሱ ነው፣ ደሙ አይደለም። ደሙንማ ለምደነዋል።

ናቲ፦ እዚህ ላይ የምመልስልሽ የለኝም፣ ግን ይሄ የጌሙ ጥፋት አይደለም። እነሱ ስለ ፓሪስ ነው የሰሩት። ስለኛ እንዲሰሩልን ጠብቀሽ ከሆነ እሱ ሌላ ክርክር ነው። እኔም ደሞ ሁሉን ወደድኩ አላልኩም፣ ወደ ኋላ ላይ ካርታ ላይ ሰው እየላክሽ የፓሪስን ሰፈር የምትይዢበትና ተራ በተራ የምትዋጊበት ነገር አለ፣ ምን አመጣው? ዳኛ ነኝ ወይስ የጦር አዛዥ? አሰልቺ ነው፣ ዘልዬው ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ስእሉ ግን፣ ያ ፊቱ ሁሉ በማእዘን የተቆራረጠ ነገር፣ እንደዛ ያለ አላየሁም።

ቤዛ፦ ስእሉ ያምራል፣ እሺ ሰጠሁህ። አንድ ነገር ብቻ፣ የንጉሱን ጉዳይ ሳላነሳ አልወርድም። ጌሙ ሉዊ 16ኛን አምጥቶ አንተ ፊት ያቆመዋል፣ ያለው ከባዱ ጊዜ እሱ ነው ይላሉ ተጫዋቾቹ። ንጉሱ ግን አብዮታዊው ፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ አያውቅም፣ ፍርድ ቤቱም ያኔ አልተቋቋመም፣ የፈረደበት ኮንቬንሽኑ ነው። እና እንዴት ፈረደ? ጥር 1793 እያንዳንዱ ተወካይ በስሙ እየተጠራ ሰገነት ላይ ይወጣል፣ ሞት ይል ወይ እስር ይል ወይ ስደት ይላል፣ አንዳንዱ ምክንያቱን ያስረዳል፣ ከ700 በላይ ሰው፣ ማታ አልፎ ሌሊት አልፎ በማግስቱም የቀጠለ። የገዛ ዘመዱ የኦርሌአን መስፍን ወጥቶ ሞት አለ። ጥር 21 ገደሉት። ይሄን ሁሉ ወስደው ለአንድ ሰካራም ዳኛ ሰጡት!

ናቲ፦ ጌም ነዋ፣ አንድ ተጫዋች ነው ያለው። 700 ሰው ሆነሽ ልትጫወቺ ነው?

ቤዛ፦ አይደለም፣ አንዱን ሆኜ። 412ኛው ተወካይ ልሁን እንበል፣ ስሜ እስኪጠራ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጬ ከፊቴ ያሉት አንድ በአንድ ሲናገሩ እየሰማሁ፣ ድምፁ ወዴት እንደሚያደላ እየቆጠርኩ፣ የኔ ድምፅ ምንም እንደማይለውጥ እያወቅኩ፣ ግን ስሜ ከመዝገቡ እንደማይፋቅም እያወቅኩ። እሱን አምጣልኝ፣ በሙሉ ዋጋው ነው የምገዛው፣ ቅናሽ አልጠብቅም።

ናቲ፦ ሌሊቱን ሙሉ መቀመጥ? አንድ ሰአት አትቆይም፣ እናያለን።