መዝገቡ ይዛወር ሲባል የሚጓዘው ማነው?

ተከሳሽ «ይሄ ክስ እዚህ ሳይሆን እዚያ ይታይ» ብሎ ሲያመለክት ብዙ ሰው ማጓተቻ ነው ይላል። አንዳንዴም ነው። ግን ፍርድ ቤቱ ክሱን የማየት ሥልጣን ቢኖረውም እንኳ ሌላ ቦታ መታየቱ የሚሻልበት ጊዜ በእርግጥ አለ።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1947 የተወሰነ አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። ቨርጂኒያ ውስጥ መጋዘን የነበረው ሰው፣ ገልፍ ኦይል ነዳጅ ሲያራግፍ ባሳየው ቸልተኝነት እሳት ተነስቶ ንብረቴ ወደመ ብሎ ኩባንያውን የከሰሰው ኒውዮርክ ሄዶ ነው። እሳቱ የተነሳው ቨርጂኒያ፣ ያዩት ሰዎች ቨርጂኒያ፣ ከሳሹ ራሱ የቨርጂኒያ ሰው! የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኒውዮርክ ያለው ዳኛ ክሱን አላይም ማለቱን ደገፈ። እኔም እደግፋለሁ። በዓመቱ የወጣው ሕግ ደግሞ የፌዴራል ዳኞች እንዲህ ያለውን መዝገብ ከመዝጋት ይልቅ ወደ ሌላ የፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲያዛውሩት ፈቀደላቸው። መመዘኛው የተከራካሪዎችና የምስክሮች ምቾት፣ እንዲሁም ፍትሕ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይቺ «ምቾት» የምትባል ነገር ናት። የማን ምቾት? አንድ ትልቅ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቴ እዚያ ነው ስላለ ብቻ የተጎዳ ሰው ሥራውን ጥሎ አገር ሊያቋርጥ አይገባም። ያ ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ አንስቶ ሌላው ላይ መጫን ነው። ሰነድ እንደሆነ ዛሬ በኢሜይል ይላካል፣ እሱ ምክንያት አይሆንም።

ምስክር ግን ሌላ ነው። በዚያው በአሜሪካ ፌዴራል ሥርዓት ምስክርን በመጥሪያ አስገድዶ ችሎት ማቅረብ የሚቻለው በአብዛኛው ከሚኖርበት ወይም ከሚሠራበት በ100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። ስለዚህ አደጋውን በዓይኑ ያየው፣ ለማንም የማይወግነው ሰው ከዚያ ርቆ ከሆነና አልመጣም ካለ፣ ዳኛው በአካል ሳያየው ቃሉን ከወረቀት ወይም ከቪዲዮ ሊሰማ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። የኩባንያው ሠራተኛ ከሆነማ አሠሪው ራሱ ያመጣዋል፣ እሱን አብሮ መቁጠር ልክ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ተዋዋዮች የሚካሰሱበትን ቦታ በሚጸና ውል አስቀድመው ከመረጡ ዳኛው የእነሱን ምቾት ከእንግዲህ አይመዝንም አለ። ጉዳዩ የሁለት ኩባንያዎች ነበር፣ ለእነሱ ይሁን። ስልኩ ላይ «እስማማለሁ» የሚለውን የተጫነ ተራ ሰው ግን ቦታውን መረጠ ይባላል እንዴ? እኔ ዳኛ ብሆን መዝገቡን ከመላኬ በፊት፣ እዚያ ድረስ ሄዶ መከራከር ይችል እንደሆነ እጠይቀው ነበር።