«አንቺስ ለምን ትጾሚያለሽ?»

ክርክር፦ በሕፃንነቱ የተጠመቀ ሰው እምነቱን የራሱ የሚያደርገው በመጠየቅ ነው ወይስ በሥርዓቱ ውስጥ በመኖር? ተከራካሪዎቹ አንዲት ነርስና አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ናቸው፤ ሁለቱም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች።

ነርሷ፦ በ80 ቀኔ ተጠመቅኩ። ክርስትና እናቴ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ካደችልኝ፤ ወደ ምሥራቅ ዞራ ሃይማኖቴን ተናገረችልኝ። በዚህ ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ ከዚያ ወዲህ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያለኝ ሰው አለመኖሩ ነው። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ «ምስለ መንፈስከ» እል ነበር፤ «ከመንፈስህ ጋር» ማለት መሆኑን ያወቅኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው።

እናቴ ልታርፍ በተቃረበችበት ሌሊት አልጋዋ አጠገብ ቆሜ «አባታችን ሆይ» ማለት ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ ያህል ደገምኩት፤ ልክ ስልክ ቁጥር እንደ መጥራት ነበር። በአራተኛው «ፈቃድህ ትሁን» ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። ምን እያልኩ እንደሆነ የሰማሁት ያኔ ነው፤ እናም ማለት አቃተኝ። የራሴ እምነት የተጀመረው እዚያ ጋ ነው እላለሁ። እሷን ከቀበርን በኋላ የማርቆስን ወንጌል በእርሳስ እያሰመርኩ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ።

መምህሩ፦ እህቴ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። ግን ያንን ጸሎት አፍሽ ውስጥ ማን አስቀመጠው? በልጅነትሽ በቃልሽ ባትይዢው ኖሮ፣ ያን ሌሊት አፍሽ የሚያዝበት ቃል ከየት ይመጣ ነበር?

ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ታትሞ የወጣው በ1840 እ.ኤ.አ. ነው፤ አቡ ሩሚ የሚባለው መነኩሴ ካይሮ ተቀምጦ በተረጎመው መሠረት። ከዚያ በፊት የኖረች አንዲት የጎንደር ባላገር ፊደል አልቆጠረችም፣ ወንጌልን በእርሳስ አላሰመረችም። ያላት የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል፣ ጾሟና የንስሐ አባቷ ነበሩ። እምነቷ የራሷ አልነበረም ልንል ነው?

የራሴንም ልንገርሽ። ልጄ በጠና የታመመ ዓመት መጸለይ አቅቶኝ ነበር። ቅዳሴ ገብቼ ዝም ብዬ እቆማለሁ፤ ዙሪያዬ ያለው ሕዝብ «እግዚኦ ተሣሃለነ»፣ አቤቱ ይቅር በለን፣ ይላል። እኔ ባልችልም እነሱ ይሉልኝ ነበር። ክርስትና አባቴ በ40 ቀኔ ያደረገልኝን ሕዝቡ በሸበትኩበት ጊዜ ደገመልኝ። ስለዚህ ሰው «የራሴ እምነት» ሲል እፈራለሁ። ከስልኩ ላይ ደስ ያለውን ስብከት ይመርጥና፣ የከበደውን ጾም ይተውና፣ የቀረውን የራሴ ይለዋል። በሐዋርያት ሥራ ላይ ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባም እኮ ሊያስተምረው የመጣውን ፊልጶስን «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ነው ያለው።

ነርሷ፦ መምህር፣ የሕዝቡ ነገር ልቤን ነክቶታል፤ አልከራከርበትም። የጎንደሯ ባላገርም እምነቷ የራሷ ነበር፤ ሥዕሉ ፊት የምታለቅሰው የራሷን እንባ ነውና። ጃንደረባውን ግን ከመጀመሪያው እንየው። ፊልጶስ ሳይመጣ በፊት ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን እያነበበ ነበር። ፊልጶስ ሠረገላው ላይ ወጥቶ አብሮት ከተቀመጠ በኋላም «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል? ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ?» ብሎ የጠየቀው እሱ ነው። ፊልጶስም ከዚያው ጥያቄ ተነሥቶ ነው ያስተማረው። እኛ ጋ ግን ልጅ ሲጠይቅ «ሃይማኖት አይመረመርም» ይባላል፤ ልጁም አፉን ይዘጋል፤ ዓመት ሳይሞላው እግሩም ይቀራል።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ባለፈው ረቡዕ እንቁላል ጠብሶ ፊት ለፊቴ በላ። ረቡዕ ጌታን ሊይዙት የተማከሩበት፣ ዓርብ የተሰቀለበት ነው አልኩት። «እሱንማ አውቃለሁ፤ አንቺስ ለምን ትጾሚያለሽ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ሳህኑን አልነጠቅኩትም። ማታ የእናቴን ሌሊት ነገርኩት፣ «ፈቃድህ ትሁን» ማለት ያቃተኝን ሁሉ። እስክጨርስ ዝም ብሎ ሰማኝ።

መምህሩ፦ ሳህኑን አለመንጠቅሽ ልክ አይመስለኝም፤ አልሸፋፍንልሽም። ሆድ ከአእምሮ ቀድሞ የሚማረው ነገር አለ። ሁዳዴን 55 ቀን ጾሞ የማያውቅ ሰው የጾምን ትርጉም ብነግረው እንኳ ጆሮው ላይ ነው የሚቀረው። አንተ መጀመሪያ ጹም፣ ከዚያ እየጾምክ ጠይቀኝ ነው የምለው።

ጥያቄው ግን ከእኔም ጋር ሰነበተ። ለስንቱ ልጅ የጾምን ሥርዓት አስተምሬያለሁ፤ «አንተስ ለምን?» ያለኝ የለም፤ ቢለኝም ኖሮ የቤተ ክርስቲያንን መልስ ሰጥቼው አልፈው ነበር። ልጄ የታመመበትን ዓመት ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም። ልጁን ዓርብ ይዘሽው ነይ፤ ከሰዓት በኋላ ሽሮ አብረን እንበላለን፤ ያንኑ ጥያቄ እኔንም ይጠይቀኝ። በእንቁላሉ ላይ አቋሜ ያው ነው።