የሃይላንድ ለጋሶች

ስለ ጎንደር ሰው ቸርነት ብዙ ሲወራ ሰምቻለሁ፣ የሃይላንዱን ግን ማንም አያነሳውም። ውሃ ገዝተን ውሃዋን ብቻ እንጠጣና ፕላስቲኩን ለከተማችን እንሰጣለን። ለቦዩ፣ ለአንገረብ ወንዝ፣ በተለይ ደግሞ ለቀሃ ወንዝ። ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላልን እሱ አይደል? ውለታ መላሾች ነን።

ሰሞኑን ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስሄድ ታክሲ ውስጥ አንድ ጋሼ አጠገቤ ተቀመጡ። ኮት፣ ከረባት፣ በእጃቸው ግማሽ ሊትር ውሃ። ልጃቸው ጀርመን ነው፣ እሳቸውም ደርሰው መጥተዋል።

«እዚያ እኮ ፕላስቲክ አይጣልም» አሉኝ። «ውሃ ስትገዛ 25 የዩሮ ሳንቲም ያስይዙሃል። ባዶውን ሱፐርማርኬት ወስደህ ማሽን ውስጥ ስትከተው ወረቀት ያትምልሃል፣ በወረቀቱ ብርህን ትቀበላለህ። በፈረንጆቹ 2003 ነው የጀመሩት። ሥልጣኔ ማለት እንዲህ ነው ልጄ!»

ይህን ብለው የቀረችውን ጨለጧት፣ ክዳኗን ጥብቅ አድርገው ዘጉ (ጠንቃቃ ሰው ናቸው)፣ መስኮቱን ከፈት አደረጉና ለገሷት።

መያዣ የሚባል ነገር ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሰፈራችን ሱቅ ቢራ ልግዛ ብትል ከሰላምታ በፊት «ጠርሙስ ይዘሃል?» ነው። ካልያዝክ ብር ታስይዛለህ። እኔ ራሴ ባለፈው ለእንግዳ ብዬ ካመጣኋቸው አንዷ ጠርሙስ ጠፋችብኝና አልጋ ሥር ሳይቀር በባትሪ ፈለግኳት፣ የለችም፣ በኋላ ጎረቤት ቤት ዘይት ተሞልቶባት ተገኘች። ይቅርታ ጠይቄ አስገለበጥኳት። ቅባቷን በሳሙና አጥቤ፣ እንደ ዕንቁላል አቅፌ መለስኳት። ጠርሙስ ሜዳ ላይ ወድቆ ያየ ሰው አለ? እኔ አላየሁም።

እንግዲህ ብር ሲኖርበት ስስታም ሆንን ማለት ነው። ሃይላንዷ ሳንቲም ስለሌለባት ቸርነታችን ንጹሕ ነው። አሁን አንዳንድ ምቀኞች «በእሷም ላይ መያዣ ይደረግባት» ይላሉ። አደራችሁን! በ5 ብር ሊያስቀሩን ነው እኮ፣ ያን ሁሉ ልግስና።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ማዳበሪያ በትከሻው የጣለ አንድ ልጅ እየሮጠ መጥቶ ሃይላንዷን አነሳት። በመስኮቱ አዩት።

«አየህ?» አሉኝ ደስ ብሏቸው። «ሥራ ፈጠርኩለት።»

አዘዞ ደርሰን ሲወርዱ ረዳቱ «ሁለት ብር ዝርዝር የለኝም ጋሼ» አላቸው። በሩን በሁለት እጃቸው ያዙት። ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቀ፣ ሾፌሩ ክላክስ አደረገ፣ ረዳቱ ከሊስትሮ ተበድሮ እስኪሰጣቸው ድረስ አልለቀቁም።