ተርፋለች ከተባለ በኋላ

እዚህ አሜሪካ በካንሰር ምክንያት ጡቷ የሚቆረጥ ሴት፣ ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለት ሐኪሞች ታያለች። አንዱ ዕጢውን የሚያወጣላት ነው። ሌላው ጡቷን መልሶ የሚሠራላት የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ነው።

አንዲት ጎረቤቴን አጅቤ ሁለተኛው ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር። ነርሷ መሳቢያ ከፍታ የሲሊከን ጡት አወጣችና መዳፏ ላይ አኖረችላት። ቀጥላ ባዶ ከረጢት የሚመስል ነገር አሳየቻት። እሱ መጀመሪያ ደረት ውስጥ ይቀበራል። ከዚያ በየጊዜው በመርፌ ጨዋማ ውኃ እየተሞላ ቆዳውን ቀስ በቀስ ይለጥጣል። ቦታው ሲመቻች ይወጣና በሲሊከኑ ይተካል። ጎረቤቴ አገላብጣ አየችው፣ ጨመቅ ጨመቅ አደረገችው። ከዚያ «ጨረር የሚደረግልኝ ከሆነስ?» አለች። ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። የቀረ የካንሰር ሴል ካለ ለማጥፋት የሚሰጠው ጨረር ቆዳን ይጎዳል፤ በሲሊከኑ ዙሪያ ያለውን ጠባሳ ሊያጠነክረውና ሊያኮማትረው ይችላል። ስለዚህ ጨረር ለሚጠብቃት ሴት ብዙ ሐኪሞች ከራሷ ሆድ ወይም ጀርባ ሥጋ ወስዶ መሥራትን ይመርጣሉ። ወይም ጨረሩ አልቆ ቁስሉ እስኪያገግም እንጠብቅ ይላሉ።

ይህ ሁሉ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ኢንሹራንሶች «ይሄ ለውበት ነው፣ አንከፍልም» የሚሉበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ኮንግረስ ያጸደቀው ሕግ ግን ጡት ማስወገዱን የሚከፍል የጤና ኢንሹራንስ መልሶ መሥራቱንም እንዲከፍል ያስገድዳል። ሌላኛውን ጡት ማመጣጠን፣ በልብስ ሥር የሚደረገው ሰው ሠራሽ ጡት፣ ከሕክምናው በኋላ የሚመጣው የክንድ እብጠት፣ ሁሉም በሕጉ ውስጥ አሉ። ኒው ዮርክ ደግሞ በ2010 ሌላ ሕግ ጨመረች፤ ሴትየዋ ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግላት በፊት ይህ ምርጫ እንዳላት እንድትሰማ የሚያዝ ሕግ። ከሁሉም በላይ ደስ የሚለኝ ይሄኛው ነው። ብሩ ኖሮ እንኳ የሚነግራት ከሌለ ምን ዋጋ አለው?

ወደ ሀገር ቤት ልምጣ። አክስቴ ጡቷን ከተቆረጠች ቆይታለች። አዲስ አበባ ሄጄ እሷ ጋ ሳድር ልብስ ስትቀይር አየኋት። ጡት መያዣዋ ውስጥ በካልሲ የተጠቀለለ ጥጥ አለ። እንዳይወጣባት በመርፌ ቁልፍ አያይዛዋለች። ጥጥ ክብደት የለውምና እጇን ባነሳች ቁጥር ወደ ላይ ይሸሻል። ስለዚህ ሰው ፊት እጇን አታነሳም። ነጠላዋን በዚያ ወገን ደረብ ታደርጋለች። ትከሻዬንም ይዞኛል ትላለች።

ጡት መልሶ የሚሠራበት ሕክምና እንዳለ ሐኪሙ ነግሮሽ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ሐኪሙ ነፍሴን አተረፈልኝ። ደግሞ ጡት ስጠኝ ልበለው?»

ይህ አባባል ከአእምሮዬ አይወጣም። ሁላችንም ነን ያስተማርናት። የመጣ ጠያቂ ሁሉ «እንኳን ነፍስሽ ተረፈ» ብሎ ይሄዳል። እውነት ነው፣ መትረፏ ትልቅ ነገር ነው። ለብዙ ዓመታት በመላ ሀገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ወረፋውን ያየ ሰው ያውቀዋል። አሁን እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል፤ ተመስገን ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ጡት መሥራት ማውራት ቅንጦት ይመስላል። የካንሰር መድኃኒቱ ኬሞ እንኳ ሳይሟላ ምን ጡት ትላለህ የሚለኝ ሰው አለ።

እኔ ግን ቅንጦት ነው በሚለው አልስማማም። ሀገራችን ውስጥ ብዙ ሴቶች ሐኪም ቤት የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ርቀቱም፣ ገንዘቡም፣ አለማወቁም ምክንያት ነው። ሌላም አለ፤ ፍርሃት። «ይቆርጡኛል፣ ባሌ ምን ይላል፣ ሴትነቴስ» የሚል ፍርሃት። እብጠቷን ደብቃ የምትቀመጥ ሴት «ቢቆረጥም መልሶ የሚሠራበት መንገድ አለ» የሚላት ብታገኝ፣ ቀድማ የምትመጣ ይመስለኛል።

ውጭ ያለው ሁሉ ወርቅ ነው እያልኩም አይደለም። የተሠራው ጡት መልኩ እንጂ ስሜቱ እንደ ድሮው አይመለስም፤ ብዙዎቹ ሲነኩት አይሰማቸውም። አንድ ቀዶ ሕክምና ብቻ አይበቃም። ሲሊከኑም ዕድሜ ልክ አይኖርም፣ ሊቀየር ይችላል። ከሆድ የሚወሰደውም ረጅም ሰዓት የሚፈጅ ከባድ ሥራ ነው፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች በማይክሮስኮፕ ይሰፋሉ። «ይበቃኛል፣ ደረቴ ልሙጥ ይሁን» ብለው የሚወስኑ ሴቶችም አሉ። ውሳኔያቸው መከበር አለበት። ተጠይቀው ነዋ የወሰኑት። አክስቴን ማንም አልጠየቃትም።

ሀገር ቤት ሙያው ጭራሽ የለም ማለት ደግሞ ስህተት ነው። የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ የተጎዱ ሰዎችን በፕላስቲክ ሰርጀሪ ሲያክም ኖሯል። ጡት ለመሥራትም ሁሉም ዘዴ ማይክሮስኮፕ አይፈልግም። ከጀርባ የሚወሰደው ጡንቻ የደም ሥሩ ሳይቆረጥ ዞሮ ወደ ደረት ይመጣል። ቀዶ ሕክምናው ካለፈ ዓመታት በኋላም ሊሠራ ይችላል። እንደ አክስቴ ላሉት በሩ አልተዘጋም ማለት ነው።

እስከዚያው ቢያንስ ካልሲውን እንተካ። በልኳ የሚመረጥ፣ ክብደት ያለው ሰው ሠራሽ ጡትና ኪስ ያለው ጡት መያዣ እዚህ በየሕክምና ዕቃ መደብሩ ይሸጣል። ለአክስቴ የሌላኛውን ጡቷን ልክ በስልክ ጠይቄ ገዝቼ ልኬላታለሁ። ሻንጣችን ውስጥ ከሽቶና ከጫማ ጋር አንድ ሁለቱን ብንጨምር አይከብድም። መስፋቱም ሀገር ቤት የሚያቅት ሥራ አይደለም።

ቀዶ ሕክምና የምትጠብቅ እህት ያለችው ሰው ደግሞ አብሯት ገብቶ ሐኪሙን ይጠይቅላት። ጡቱ በሙሉ መቆረጥ አለበት ወይስ ዕጢው ብቻ ይወጣል? ጨረር ይኖራል? ወደፊት መሥራት ብትፈልግ ቆዳዋ እንዴት ሊተርፍላት ይችላል? የመጨረሻው ጥያቄ ከመቆረጡ በፊት መጠየቅ አለበት።