ሳጥን ቆጥራችሁ ሌቭል አትፍረዱብኝ

ኧረ በናታችሁ ካልተነፈስኩ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሶኮባንን የማታውቁት ካላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። መጋዘን ውስጥ አንድ ሰውዬ አለ፣ ሳጥን ይገፋል፣ ሳጥኖቹን በሙሉ ምልክት ያለባቸው ቦታዎች ላይ ካደረሰ አለቀ። መጎተት የለም፣ ሁለት ሳጥን ባንዴ መግፋት የለም፣ ጥግ የገባ ሳጥን በቃ ሞተ። ይሄው ነው ጨዋታው። ሂሮዩኪ ኢማባያሺ የሚባል ጃፓናዊ የሰራው ነው፣ በ1982 (በፈረንጅ) ነው የወጣው፣ ግን እስከ ዛሬ ሰው ቁጭ ብሎ አዲስ ሌቭል ይሰራለታል። እኔም እሰራለሁ። ሰርቼ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እለቃለሁ። ከዛ በኋላ ያለውን ነው እንግዲህ የማወራችሁ።

አራት ሳጥን ያለው ሌቭል ስለቅ የመጀመሪያው ኮሜንት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «አራት ብቻ? ይሄማ ለህፃን ነው 😂»። ልጁ አልሞከረውም እኮ! ከለጠፍኩት ደቂቃ አልሞላውም፣ ስክሪኑን አየ፣ ሳጥን ቆጠረ፣ ፈረደ። ሌላው ደግሞ ሰላሳ ምናምን ሳጥን የታጨቀበት፣ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ነገር ሲለቅ እሳት ኢሞጂው ይዘንባል። ገብቼ ተጫወትኩት። አንድ ሳጥን እንዴት እንደሚወጣ ከገባህ የቀሩት በሙሉ በዛው መንገድ ነው የሚወጡት፣ ያንኑ ሰላሳ ጊዜ መድገም ነው፣ ጣቴ ደከመ እንጂ ጭንቅላቴ ምንም አልሰራም። ረጅም እና ከባድ እኮ ለየቅል ናቸው ወገን። ዴቪድ ስኪነር የሚባለው ሰውዬ ማይክሮባን ብሎ 155 ሌቭል ሰርቷል፣ አብዛኞቹ ሚጢጢ ናቸው፣ ግን የዓለም ጀማሪ ሁሉ እሱ ላይ ነው እጁን የሚያፍታታው፣ ምክንያቱም ትንሽ ቦታ ላይ አንድ ሀሳብ አስቀምጦልሃል፣ እሱን ካላገኘህ አትወጣም።

ያ የተሳቀበት የኔ ሌቭል ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። ውጪ ሁለት ሳጥን አለ፣ ጓዳ ውስጥ አንድ አለ፣ አራተኛው የጓዳው በር ላይ ቆሟል፣ ያውም ገና ከመጀመሪያው ምልክት ያለበት ቦታ ላይ ነው፣ የተጨረሰ ይመስላል። ሰው ያየዋል፣ «ይሄኛው አልቋል» ይልና አይነካውም። ጓዳው ሌላ መግቢያ አለው ግን የውስጡ ሳጥን አፉ ላይ ነው፣ በዛ ከገፋኸው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ታዲያ መፍትሔው ያን አልቋል ያልከውን ሳጥን ከቦታው አውጥተህ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ መግፋት፣ በጎኑ ዞረህ የውስጡን ማስተካከል፣ ከዛ ከውስጥ ሆነህ የመጀመሪያውን ወደ በሩ መልሰህ በሩን በራስህ ላይ መዝጋት ነው። የመጨረሻዋ ግፊት እሷ ናት። ራስህን ቆልፈህ ታሸንፋለህ። እኔ ይቺን ሳገኝ ብቻዬን ስቄያለሁ፣ እናቴ ምን ሆንክ ብላኛለች፣ ምን ብዬ ላስረዳት።

ከዛ አንዱ ጀለስ መጣና ፈታው። ግን በሩን ሳይዘጋ! ሶኮባን ላይ ሳጥን ስም የለውማ፣ የትኛውም ሳጥን የትኛውም ቦታ ላይ ቢቆም ያው ነው። ልጁ የበሩን ሳጥን ዝም ብሎ ጓዳ ውስጥ ወዳለው ምልክት ነዳው፣ የውስጡን በሌላኛው መግቢያ ወደ ውጪ አስወጣው፣ በሩን ከውጪ ባለ ሳጥን ዘጋው፣ አለቀ። እሺ፣ ጎበዝ ነው፣ በሱ አልተናደድኩም፣ እንዲያውም አጨብጭቤለታለሁ። የሚያበሽቀው ከስሩ የመጣው መንጋ ነው። «ሌቭሉ ፌል ነው»፣ «ሳይቴስት ነው የሚለቀው»፣ «ቀሽም»። እሺ እናስተካክል ብዬ ከመግቢያው ውጪ አንድ ግድግዳ ጨመርኩ፣ መታጠፊያ ሆነ፣ በዛ የወጣ ሳጥን እዛው ተሰንቅሮ ይቀራል። አቋራጩ ተዘጋ። ግን አሁን መግቢያው ወጥመድ እንደሆነ ከሩቅ ያስታውቃል፣ አይን ወዲያው ወደ በሩ ይሄዳል፣ ሀሳቡ ሳትለፋ ይገለጥልሃል። አንድ ግድግዳ እኮ ነው! አንዱን ስትደፍን ሌላው ይፈርሳል፣ እናንተ ደግሞ «አንድ ብሎክ ለመጨመር ይሄን ያህል ምን ያስጨንቃል» ትላላችሁ።

አሁን ወደ ሶልቨሮቹ ልምጣ፣ ሌቭል በራሳቸው የሚፈቱ ፕሮግራሞች ማለቴ ነው። አንዱ ሌቭሌን ኮፒ ያደርጋል፣ ፕሮግራም ላይ ይጭነዋል፣ ፕሮግራሙ የግራ የላይ የቀኝ የታች የእንግሊዝኛ ፊደል ደርድሮ ይተፋለታል፣ ሰውዬው ሲራመድ በትንሹ ፊደል ሳጥን ሲገፋ በትልቁ የሚጻፈውን ማለቴ ነው፣ ያን አምጥቶ ኮሜንት ላይ ይዘረግፋል፦ «በአንድ ሰከንድ ተፈታ፣ ቀላል ነው»። ማን ነው የፈታው? አንተ ነህ? እኔም ሶልቨር እጠቀማለሁ፣ ሌቭል የሚሰራ ሰው አቋራጭ ለመፈለግ ያስፈልገዋል፣ ግን የሶልቨር ሰከንድ የሰው ልጅ ችግር መለኪያ አይደለም። አራት ሳጥን ያለበት ጠባብ ቦታ ላይ ማሽኑ ያለውን አማራጭ ሁሉ ጠራርጎ ያየዋል፣ «ይሄኛው አልቋል» ብሎ የሚሸወድ አይን የለውማ። ማሽኑን የሚያቅተው የቦታው ስፋትና የሳጥኑ ብዛት ነው፣ ጨዋታው በጥቅሉ ለኮምፒውተር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ከልበርሰን የሚባል ተመራማሪ በ1997 በሂሳብ አረጋግጦታል፣ ኤክስሶኮባን የሚባለውን ጥንታዊ የ90 ሌቭል ስብስብ አንድ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ፈታ የተባለው እንኳን በ2020 ነው፣ እነዛኑ 90ዎቹን ደግሞ ሰው ድሮ ጨርሷቸው ነበር። እና ማሽን የሚቸገርበትና ሰው የሚቸገርበት አንድ ካልሆነ ሰከንድ ቆጥረህ «ቀላል ነው» የምትለኝ ምኑን ይዘህ ነው?

እንቆቅልሽ ስንጫወት እንኳን መልሱ ያልመጣለት ሀገር ይሰጣል እኮ። እዚህ ግን ሀገርም የለ፣ ሙከራም የለ፣ መልሱን ከማሽን ተቀብሎ ጠያቂው ላይ ሙድ መያዝ!

የቴሌግራሙንማ ተዉት። ሌቭል ማለት ጽሑፍ ነው፣ ግድግዳው #፣ ሰውዬው @፣ ሳጥኑ $፣ ምልክት ያለበት ቦታ ነጥብ፣ እዛ ላይ ያለ ሳጥን ኮከብ (*)። ለኛ ኔትወርክ የተፈጠረ ነው፣ ፋይል የለ ዳውንሎድ የለ፣ አንድ ሜሴጅ ነው። ግን እኔ ሞኖስፔስ (ሁሉም ፊደል እኩል ስፋት የሚይዝበት) አድርጌ የለቀኩትን አንዱ በተራ ጽሑፍ ኮፒ አድርጎ ሌላ ግሩፕ ይወስደዋል፣ መጀመሪያ ላይ ያለው ክፍት ቦታ ይቆረጣል፣ ግድግዳው ይንሻፈፋል፣ እዚህም እዚያም ሁለት ሁለት ኮከብ ካለ ደግሞ ቴሌግራም ቦልድ ማድረጊያ ምልክት መስሎት ይበላዋል። ሳጥን ጠፋ ማለት ነው። ከዛ ከማላውቀው ግሩፕ ስክሪንሾት ይላክልኛል፣ «የማይፈታ ሌቭል እየለቀቀ ጊዜያችንን በላ»፣ ከስሩ የኔ ስም። ግድግዳ በሌለበት በኩል ሰውዬው ከመጋዘኑ ወጥቶ መሄድ ይችላል እኮ፣ እሱን እንኳን አላያችሁም? መስታወት ላይ እንዳየኸው ግራና ቀኙን ገልብጦ «የኔ አዲስ ሌቭል» የሚለውን ሌባ ዛሬ አልነካውም፣ እሱ ራሱን የቻለ ፖስት ይፈልጋል።

ለማንኛውም ቅዳሜ ሌላ እለቃለሁ፣ ሦስት ሳጥን ነው፣ አዎ ሦስት፣ ከአሁኑ ሳቁና ጨርሱ። በሶልቨር መፍታት የፈለገ ይፍታ፣ ቤቱ ነው፣ ማንም አይከለክለውም። መልስ ስትለጥፉ ግን ስፖይለር አድርጉበት፣ ካልነኩት እንዳይታይ ጽሑፉን የሚሸፍነውን። ጽሑፉን ሰሌክት ታደርጋላችሁ፣ ስፖይለር የሚለውን ትነካላችሁ፣ ትልካላችሁ። ይሄን ያላደረገውን አድሚኑ እንዲያወጣው ጠይቄያለሁ፣ እሺ ብሎኛል።