ማስተካከያ፦ ቶንሲሉ የወጣለት ልጅ ይጠጣ

ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚደረግ እንክብካቤ ባለፈው በወጣው ጽሑፍ «ጉሮሮው እስኪድን ምግብና መጠጥ ይቀነስለት» የሚል ምክር ነበር። ይህ ትክክል አይደለም፤ ልጁንም ይጎዳል። ልጁ ቢያመውም ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ መጠጣት አለበት። ካልጠጣ ጉሮሮው ይደርቃል፣ ሕመሙም ይብሳል። ውሃ፣ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት ወይም ሾርባ ይጎንጭ። መብላት ከቻለም ለስላሳ ነገር ይብላ፤ በርበሬው ብቻ ይቆይለት።

ማስታገሻውን ሐኪሙ ባዘዘው መጠንና ሰዓት ስጡት። እስኪያለቅስ አትጠብቁ። አስፕሪን፣ ኮዴይንና ትራማዶል ግን ለእንዲህ ያለ ልጅ አይሰጡም፤ ቤት ውስጥ የተረፈ መድኃኒት ካለ አደራ፣ እንዳትሞክሩት።

ወላጅ በጣም የሚጨነቀው የተሻለው ልጅ ከሦስት አራት ቀን በኋላ እንደገና ሲያመው ነው። አይዟችሁ፣ የተለመደ ነው። ጉሮሮው ላይ የሚታየው ነጭ ሽፋንም መግል ሳይሆን የሚድን ቁስል ነው።

ጽሑፉ ስለ መድማት ምንም አላነሳም ነበር። ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ በተለይ ንቁ። ከአፉ ትኩስ ደም ከወጣ ወይም ደም ካስመለሰ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።